የንግድ ሥራ አስተዳደር ትምህርትና የነጋዴው ደብተር

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በመርካቶ ሸማ ተራ ከአንድ የምናውቃቸው ነጋዴ ሱቅ ዝናብ አስጠልሎን ተቀምጠን ነበር። ባለ ሱቁ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ንግድን ከልጅነታቸው ጀምረው የሚያውቁ፣ በገበያውም የተከበሩ አዛውንት ናቸው። በዚያው ዓመት በንግድ ሥራ አስተዳደር ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀው የወንድማቸው ልጅ ሊጠይቃቸው መጥቶ ከጎናቸው ተቀምጧል። አዛውንቱ የሻይ ብርጭቋቸውን ከባንኮኒው ላይ አኖሩና፣

«ለመሆኑ አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ቆየህ?» ሲሉ ጠየቁት።

«አስተዳደር ነው የተማርኩት ጋሼ፤ የንግድ ሥራ አስተዳደር።»

«መልካም ነው። ታዲያ ማንን ልታስተዳድር?»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። እኛም ሳቅን፤ ነገር ግን ወደ ቤታችን ስንመለስ ጥያቄው አብሮን ተጓዘ። በእውነቱ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ሱቅም ፋብሪካም ሠራተኛም የሌለው ወጣት አስተዳደር ተማርኩ ሲል ምን ማለቱ ነው? ሐኪም ቢሆን በሽተኛ ይመረምራል፤ መሐንዲስ ቢሆን ድልድይ ይሠራል፤ መምህር ቢሆን ያስተምራል። አስተዳዳሪ ግን የሚያስተዳድረው ነገር ከሌለ ሥራው ምንድን ነው? በየዓመቱ በሀገራችን ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ይህን ትምህርት የሚመርጡትና ሳይመርጡት የሚመደቡበት ወጣቶች ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ ነገሩን በዛሬው ጽሑፋችን ጥቂት ልንመረምረው አሰብን።

ትምህርቱ ከየት መጣ?

ስለ ንግድ ሥራ አስተዳደር ሲነሣ ብዙ ሰው አዲስ ነገር የመጣ ይመስለዋል። ሆኖም የትምህርቱ ሥር ጥንታዊ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1494 ሉካ ፓቾሊ የተባለ ኢጣልያዊ መነኩሴ በቬኒስ ከተማ አንድ ትልቅ የሒሳብ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የቬኒስ ነጋዴዎች የንግዳቸውን ሒሳብ እንዴት ይጽፉ እንደ ነበረ ዘርዝሮ አስረዳ። ዘዴውን እርሱ አልፈጠረውም፤ ነጋዴዎቹ ቀድሞውኑ ይሠሩበት ነበር፤ የእርሱ ሥራ በሱቅ ውስጥ የነበረውን ዕውቀት አውጥቶ ለተማሪ እንዲመች አድርጎ መጻፍ ነበር። ነጋዴ በመጀመሪያ ያለውን ንብረትና ያለበትን ዕዳ ቈጥሮ ይጻፍ፤ ከዚያም ሦስት ደብተሮች ይኑሩት፤ አንዱ የዕለቱ ማስታወሻ፣ ሁለተኛው ነገሩ በተራ የሚሰፍርበት፣ ሦስተኛው በየሒሳቡ የሚከፋፈልበት ይሁን አለ። ገንዘብ ከአንድ ቦታ ከወጣ ወደ አንድ ቦታ መግባቱ ስለማይቀር እያንዳንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠራው የሒሳብ አያያዝም ከዚህ መሠረት አልወጣም።

በዚህ ዓይነት ትምህርቱ የተወለደው በሱቅ ውስጥ እንጂ በትምህርት ቤት አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ በኋላ እንመለስበታለንና። ወደ ትምህርት ቤት የገባው ዘግይቶ ነው። በ1819 በፓሪስ የንግድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በአሜሪካ ደግሞ ጆሴፍ ዋርተን የተባለ በኒኬልና በብረት ሥራ የበለጸገ የፊላደልፊያ ሰው በ1881 ለፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ 100,000 ዶላር ሰጥቶ፣ ወጣቶች ለመጀመሪያ ዲግሪያቸው ንግድን የሚማሩበት ክፍል አስከፈተ። እስከዚያ ድረስ ንግድ የሚማረው ልጅ ብዙውን ጊዜ በአንድ ነጋዴ ቢሮ ተቀጥሮ ደብዳቤ እየገለበጠ ከጌታው ሥር ሲያይ የሚያድግ ነበር። ዋርተን ግን ንግድ እንደ ሕግና እንደ ሕክምና በሥርዓት ሊሰጥ የሚገባው ዕውቀት ነው ብሎ አመነ።

ሁሉም በዚህ አልተስማማም። በ1908 የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ትምህርቱን የሰጠው አስቀድመው በሌላ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ላገኙ ሰዎች ነበር። እንግዲህ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንደኛው ወጣቱ በለጋነቱ አስተዳደርን ይማር የሚል፣ ሁለተኛው መጀመሪያ ሌላ ዕውቀት ይያዝና አስተዳደርን በላዩ ይጨምር የሚል ነው። የአዛውንቱ ጥያቄ ሳያውቁት በዚህ የቆየ ክርክር መካከል የገባ ነበር።

በ1916 ደግሞ ሄንሪ ፋዮል የተባለ ፈረንሳዊ የማዕድን መሐንዲስ ለክርክሩ ሌላ ምክንያት አመጣ። ይህ ሰው ሊወድቅ ተቃርቦ የነበረ የማዕድንና የብረት ኩባንያ ተረክቦ ወደ ጤናው የመለሰ ዳይሬክተር ነበር። ኩባንያው የዳነው በማዕድኑ ብዛት ወይም በመሐንዲሶቹ ጥበብ ብቻ ሳይሆን በአስተዳደሩ መሆኑን ተገንዝቦ፣ አስተዳደርን በአምስት ከፈለው፤ አስቀድሞ ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ማስተባበርና መቈጣጠር ናቸው። ይህም በትምህርት ቤት ሊሰጥ ይችላል፤ ይገባልም ሲል ጻፈ። ዛሬ በመጀመሪያው ዓመት የአስተዳደር ትምህርት ላይ ተማሪው በቃሉ የሚያጠናው ዝርዝር በአብዛኛው ከዚህ የመነጨ ነው። ነገር ግን ፋዮል ይህን የጻፈው በሰባ አምስት ዓመቱ አካባቢ፣ ዕድሜ ልኩን ከሠራ በኋላ መሆኑን ተማሪው ዘወትር አያስታውሰውም።

ትምህርቱ እየተስፋፋ ሲሄድ ነቀፌታም አላመለጠውም። በ1959 በአሜሪካ በፎርድና በካርኔጊ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ወጭ የተጠኑ ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት ወጡ። ሁለቱም የንግድ ትምህርት ቤቶችን ክፉኛ ነቀፉ። ተማሪዎቹ እያንዳንዱን ጥቃቅን የቢሮ ሥራ በየስሙ ይማራሉ፤ ሒሳብ፣ የምጣኔ ሀብት ትምህርት፣ የሰው ጠባይ ጥናት፣ ታሪክና ቋንቋ ግን ይጎድላቸዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራቸውን ይችሉ ይሆናል እንጂ ዘመኑ ሲለወጥ አብረው አይለወጡም የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ይህ ምክር ስድሳ ዓመታት ቢያልፉትም ዛሬም የሚሠራ ይመስለናል።

በሀገራችንስ?

አባቶቻችን ንግድን የሚያውቁት ጥንት ነው። የቅፍለት ነጋዴው፣ ነጋድራሱ፣ በጅሮንዱ፣ ሁሉም በየማዕርጉ የገንዘብና የዕቃ አስተዳዳሪ ነበረ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በውጭ አገር ተምረው ከተመለሱ በኋላ የጻፉት፣ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፍ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲገበያይ የድካሙን ዋጋ እንደማያገኝ አስረድቶ ነበር። እንግዲህ ንግድ ትምህርት ይፈልጋል የሚለው አሳብ ለእኛ ከውጭ ብቻ የመጣ አይደለም።

በ1935 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከጠላት ወረራ በኋላ መንግሥትም ባንክም ኩባንያም ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ በማጣት ተቸግረው ስለ ነበር፣ ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡት ወጣቶች በየመሥሪያ ቤቱ ተፈላጊዎች ሆኑ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም የንግድ ሥራ አስተዳደር ኮሌጅ አቋቁሞ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ።

በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችና ታላላቅ ፋብሪካዎች ወደ መንግሥት እጅ ሲዞሩ የትምህርቱ ትርጉም ተለወጠ። የሚመረቀው ወጣት የሚያስተዳድረው የመንግሥት ድርጅት ሆነ። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የባንክ ሥራ ለኢትዮጵያውያን ባለ ሀብቶች ሲፈቀድ ትምህርቱ እንደገና ሌላ መልክ ያዘ፤ የግል ባንኮችና ኩባንያዎች በዙ፤ በየከተማው የንግድ ትምህርት የሚሰጡ የግል ኮሌጆች ተከፈቱ። ለክፍሉ ላቦራቶሪም ብዙ መሣሪያም ስለማያስፈልገው፣ ሰሌዳና መምህር የተገኘበት ሁሉ ሊሰጥ የሚችል ትምህርት ሆነ። ጥቅሙም ጉዳቱም ከዚሁ ከቀላልነቱ ላይ ነው። ጥቅሙ፣ ብዙ የድኻ ልጅ በማታ እየተማረ ሰው ለመሆን በቅቷል። ጉዳቱ፣ «ሌላ ካጣሁ አስተዳደር እገባለሁ» የሚል ልማድ ተተክሏል።

ይህ ልማድ ከቤት ይጀምራል። አባትና እናት ልጃቸው ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆን ይመኛሉ፤ ነጥቡ ካልደረሰ «ታዲያ ምን ይሁን፣ ማኔጅመንትም ቢሆን ይግባ» ይላሉ። መንግሥትም ለብዙ ዓመታት ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ወደ ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ብቻ ወደ ማኅበራዊ ትምህርት እንዲገባ የሚያዝ መመሪያ ይከተል ነበር። በዚህ መካከል ለትምህርቱ ፍቅር ኖሮት የገባና ዕጣ የጣለው ተማሪ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ። ይሁን እንጂ ሁለቱንም ደብተሩ እኩል ይጠብቃቸዋል፤ ዕጣ የጣለውም ልብ ካደረገ ወድዶ የገባውን ሊቀድም ይችላል።

ምን ይማራል?

ይህን ትምህርት የሚይዝ ተማሪ የሚማራቸው ነገሮች በርካታ ናቸው። የሒሳብ አያያዝ፣ የገንዘብ አስተዳደር፣ የምጣኔ ሀብት ትምህርት፣ የቁጥር ጥናት ወይም ስታቲስቲክስ፣ የገበያ ጥናት፣ የሠራተኛ አስተዳደር፣ የንግድ ሕግ፣ የምርት አመራር፣ እንዲሁም ይህን ሁሉ አስተባብሮ አንድ ድርጅት ወዴት እንደሚሄድ መወሰን የሚባለው ናቸው። ሲቈጠር ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ነገር ይታሰራሉ። ይኸውም የሌላ ሰው ገንዘብ፣ የሌላ ሰው ጉልበትና ጊዜ በእጅህ ሲገባ፣ በምን አዋልከው ቢሉህ መልስ መስጠት መቻል ነው። ባጭሩ አስተዳደር አደራ ነው፤ ትምህርቱም አደራን በጽሑፍና በቁጥር የመጠበቅ ጥበብ ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የሠፈራችንን እድር እንመልከት። እድር ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ገንዘብ ያዥ አለው። ጸሐፊው ይጽፋል እንጂ ገንዘቡን አይዝም፤ ገንዘብ ያዡ ይይዛል እንጂ ብቻውን ወጭ አያዝም፤ ዳኛው ያዛል እንጂ ሣጥኑን አይከፍትም። በዓመቱ ሒሳቡ በአባላቱ ፊት ይነበባል። በዩኒቨርሲቲ የውስጥ ቊጥጥር ተብሎ በብዙ ገጽ የሚተነተነው ነገር ይኸው ነው፤ የሚጽፈው፣ የሚይዘውና የሚያዘው አንድ ሰው አይሁን ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ድሩ በሥርዓት የተገመደ እንደ ሆነ ነው። ተማሪው የመምህሩን ትንተና ሲሰማ የእናቱን እድር ካላስታወሰ፣ ትምህርቱ የባዕድ ነገር ሆኖበት በፈተና ማግሥት ይጠፋበታል።

የሸማ ተራው ደብተር

አሁን ወደ አዛውንቱና ወደ ወንድማቸው ልጅ እንመለስ። ወጣቱ ለጥያቄው መልስ ያጣ ቢመስልም በሦስተኛው ቀን ወደ ሱቁ ተመልሶ፣ «ጋሼ፣ ሥራ እስካገኝ ድረስ የሱቁን ሒሳብ እንድጽፍልዎ ይፍቀዱልኝ» አላቸው። አዛውንቱም «ደብተሬ እዚህ ነው» ብለው ግንባራቸውን በጣታቸው ነኩ። ኋላ ግን ፈቀዱለት። ከወር በኋላ ብንሄድ አጎትና የወንድም ልጅ በአንድ ወረቀት ላይ ሲከራከሩ አገኘናቸው። ለአንባቢ እንዲመች ቁጥሩን አቃልለን እንደሚከተለው እናቀርበዋለን።

በወሩ ውስጥ 200 ነጠላ እያንዳንዱ በ900 ብር ተገዛ፤ ይህም 180,000 ብር ነው። ሁሉም በ1,100 ብር ሒሳብ ተሸጠ፤ ይህም 220,000 ብር ነው። አዛውንቱ «ትርፌ 40,000 ብር ነው» ይላሉ። ወጣቱ ግን ጽፏል፤ የሱቁ ኪራይ 12,000፣ የሠራተኛው ደመወዝ 9,000፣ የማጓጓዣና የተሸካሚ 4,000፣ ድምሩ 25,000 ብር። ስለዚህ የቀረው ትርፍ 15,000 ብር ብቻ ነው። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከተሸጡት ነጠላዎች መካከል 15ቱ በዱቤ የወጡ ናቸው፤ 16,500 ብር ገና አልገባም። በወረቀት ላይ 15,000 ብር ያተረፈው ሱቅ ሣጥኑ ሲከፈት 1,500 ብር ጎድሎበታል ማለት ነው። ትርፍ ሌላ፣ በእጅ ያለ ገንዘብ ሌላ መሆኑን ተማሪ በመጽሐፍ ያነብበዋል፤ ነጋዴ ደግሞ ለዕቃ አቅራቢው የሚከፍለው ሲያጣ ይረዳዋል።

ወጣቱ ሌላም ስሌት ጨመረ። ኪራይና ደመወዝ ነጠላ ቢሸጥም ባይሸጥም የሚከፈሉ ናቸው፤ ድምራቸው 21,000 ብር ነው። ከአንድ ነጠላ 200 ብር ይገኛል፤ ከዚያ ላይ ለማጓጓዣ 20 ብር ሲወጣ 180 ብር ይተርፋል። 21,000ን ለ180 ብናካፍል ሱቁ በወር ቢያንስ 117 ነጠላ ካልሸጠ ኪሣራ ውስጥ እንደሚገባ እናያለን። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ጥቂት ዝም ብለው፣ «በሐምሌ እኮ መቶም አልሸጥም» አሉ። ለብዙ ዓመታት በክረምት ለምን እንደሚጨንቃቸው ያወቁት ያን ጊዜ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ቀድሞም ጭንቀቱን ያውቁት ነበር፤ መጠኑን ግን አያውቁትም ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ዱቤው ነበር። ወጣቱ «ከማን ማን ምን ያህል አለብዎት? አንድ በአንድ ይንገሩኝና ልጻፈው» ሲላቸው አዛውንቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያስታውሱ ዋሉ፤ ሠላሳ አራት ስም ተጻፈ። ከእነዚህ መካከል ሚስታቸውም ልጆቻቸውም የሚያውቋቸው ስድስቱን ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከቀልድ ያለፈው። እኒያ አዛውንት በዚያ ሳምንት አንድ ነገር ቢሆኑ ኖሮ፣ የሃያ ስምንት ሰው ዕዳ አብሯቸው በተቀበረ፣ የእርሳቸው ዕዳ ግን በማግሥቱ ከደጃፍ በቆመ ነበር። አባት ሲሞት ሱቁ አብሮ የሚዘጋባቸው ቤቶች በየመንደራችን ስንት ናቸው? ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ የአባታቸው ዕውቀት ከአባታቸው ራስ ስላልወጣ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶቻችን ተረት ከዚህ በላይ የት ይውላል?

«ማንን ልታስተዳድር?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ይመስለናል። በአንድ ወገን ደብተር የሌላቸው ሱቆች ሞልተዋል፤ በሌላ ወገን ደብተር የሚያውቁ፣ ሱቅ ግን የሌላቸው ምሩቃን ሥራ ፍለጋ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነቡ ይውላሉ። ሁለቱ የሚተያዩት እምብዛም ነው። ነጋዴው ምሩቁን «ወሬኛ ነው፤ ከዕቃ አይቈጥረኝም» ይለዋል፤ ምሩቁም ነጋዴውን «ያልተማረ ነው» ብሎ ባንክ ወይም ድርጅት እስኪቀጥረው ይጠብቃል። ጉዳቱ ግን የሁለቱም ነው።

ጊዜው የሚጠይቀው

ዛሬ ደግሞ ጊዜው ደብተርን በግድ የሚጠይቅ ሆኗል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት እንዲያቀርቡ አዘዘ። በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ሲሠራበት የኖረው የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. ሲሻሻል፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም እንዲችል ተፈቀደ። ይህ ማለት የሰውየው ኪስና የሱቁ ሣጥን በሕግ ፊት ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው፤ ሆኖም በደብተር ካልተለዩ በሕግ መለየታቸው ብቻውን ምን ይጠቅማል? በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ ሕግ ጸደቀ፤ በተከታዩም ወር የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ። ገንዘብ የሚያበድር ባንክም ሆነ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሒሳብህን አሳየኝ» ብሎ ነው። ግንባሩን በጣቱ የሚነካ ነጋዴ በዚህ ገበያ ቦታ አያገኝም።

ምክራችን

ስለዚህ ይህን ትምህርት ለያዘ ወይም ሊይዝ ለሚያስብ ወጣት የምንለው አለን።

በመጀመሪያ፣ የሒሳብ አያያዝን እንደ ቀላል አይመልከት። የአስተዳደርን ጠቅላላ አሳብ የሚናገር ብዙ ነው፤ የአንድን ሱቅ ወር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጽፎ ሚዛኑን የሚያገናኝ ግን ተፈላጊ ነው። ይህን የሚችል ሰው ከየትም ቢጣል አይራብም።

ሁለተኛ፣ ከአስተዳደር ጋር የሚያያይዘው አንድ ሌላ ዕውቀት ይያዝ። የቡና ነጋዴ ልጅ ቡናን ከነደረጃው ይወቅ፤ የገበሬ ልጅ እህልና ከብትን ይወቅ፤ ሌላው ቆዳን፣ ሌላው ጨርቅን፣ ሌላው ኮምፒውተርን ይወቅ። አስተዳደር እንደ ሚዛን ነው፤ የሚመዘን ነገር ከሌለ ሚዛን ባዶውን ይወዛወዛል። የ1959ኙም ነቀፌታ ይህንኑ የሚመስል ነበር። ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያው ዓመት ለአጠቃላይ ትምህርት መሰጠቱ በዚህ ረገድ መልካም ነው፤ ተማሪው ግን «የማይጠቅመኝ ነው» ብሎ ቢያልፈው ጥቅሙ ይቀርበታል።

ሦስተኛ፣ ክረምቱን በከንቱ አያሳልፍ። በየቤተ ዘመዱ አንድ ሱቅ፣ አንድ ምግብ ቤት፣ አንድ ወፍጮ አይጠፋም። ሄዶ «ሒሳብዎን ልጻፍልዎ» ይበል። ሲጽፍም አይኩራ፤ ጎንበስ ብሎ ይጠይቅ። ነጋዴው ሰውን በዓይኑ ብቻ አይቶ ዱቤ የሚሰጠውንና የማይሰጠውን የሚለይበት ጥበብ በየትኛውም መጽሐፍ የለምና። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂ ሁሉ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና እንዲወስድ ተደርጓል፤ ፈተናውን ያለፈ ሰው ወረቀቱን ያገኛል፤ ነገር ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዲግሪም ይሠራል።

ለወላጆች የምንለው አንድ ነው። ይህን ትምህርት ለልጃችሁ የመጨረሻ መጠጊያ አድርጋችሁ አትዩት። ባንኩንም ሆስፒታሉንም ትምህርት ቤቱንም የሚያቆመው ወይም የሚያፈርሰው ሒሳቡን የያዘው ሰው ነው። ሐኪም ቢሳሳት አንድ በሽተኛ ይጎዳል፤ የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ መድኃኒት በጊዜው ካላዘዘ ስንቱ ይጎዳል?

ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች ደግሞ፣ ከውጭ አገር ኩባንያ ታሪክ ጎን ለጎን የመርካቶን ሱቅ፣ የጅማን ቡና፣ የእድርንና የእቁብን ሒሳብ ለማስተማሪያ እንዲያውሉ እንለምናለን። ፓቾሊ ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ከከተማው ነጋዴዎች ዘንድ ሄዶ የሚያደርጉትን ጻፈ። የእኛን ነጋዴዎች ሥራ እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፍልናል?

ለነጋዴዎቻችንም፣ በተለይ ዕድሜ ለጠገቡት፣ በአክብሮት የምናቀርበው አሳብ አለን። ያፈራችሁት ዕውቀት ከሀብታችሁ ይበልጣል። ከልጆቻችሁ ወይም ከዘመዶቻችሁ አንዱን ከጎናችሁ አስቀምጡና ይጻፍ። ዛሬ የምታምኑት ሰው ነገ ዕዳውን ይክዳል ብለን አይደለም፤ ሰው ሟች መሆኑን አስበን ነው።

ይህን ጽሑፍ ከማጠናቀቃችን አስቀድሞ ወደ ሸማ ተራ ጎራ ብለን ነበር። ወጣቱ ገና ቋሚ ሥራ አላገኘም፤ ማመልከቻውን ለሦስት ባንኮች አስገብቶ መልስ ይጠብቃል። ከሠላሳ አራቱ ባለ ዕዳዎች አሥራ አንዱ ከፍለዋል፤ ሁለቱ «እንዲህ ያለ ዕዳ የለብንም» ብለዋል፤ የቀሩት ቀጠሮ ሰጥተዋል። ከሱቁ ጎን ያሉ ሁለት ነጋዴዎችም ወጣቱ የእነርሱንም እንዲጽፍላቸው ጠይቀውት በወር ጥቂት ይከፍሉታል። አዛውንቱን «እንግዲህ ባንኩ ከጠራው ምን ያደርጋሉ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ መልስ ሳይሰጡ ከባንኮኒው ሥር አንድ ወፍራም ሰማያዊ ደብተር አወጡ። ከሽፋኑ ላይ የሴት ልጃቸው ስም ተጽፏል። በየማታው እርሱ ያስተምራታል፤ እርሷ ትጽፋለች።